ከእግሬ ስር የሚንኳኳው

ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ሰይፉ ለሰው ሲያወራ ራሱ እንደሰማው አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ይሁንለት። ባሌ መሪ ከጨበጠ የሚሰማው ሬዲዮኑንና የራሱን ሐሳብ ብቻ ነው። እኔ ግን ከጎኑ ተቀምጬ ሌላ የምሠራው ሥራ ስለሌለኝ እሰማለሁ። ደግሞም የመጣው ከእኔው ከቀኝ እግሬ ስር ነበር።

ቋ።

ከቃሊቲ አደባባይ ወጥተን ወደ ሳሪስ ልንሄድ ሰይፉ ለመኪናዋ ነዳጅ ሲሰጣት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። በጫማዬ ሶል ገብቶ ጉልበቴ ድረስ መጣ።

«ሰይፉ፣ ይቺ መኪና ተንኳኳች።»

«ድንጋይ ነው።»

«አስፋልት ላይ ምን ድንጋይ አለ?»

ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። የማይመቸው ነገር ሲመጣ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እኔም ዝም አልኩ ብል የሚያውቀኝ ሰው አያምነኝም። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስነዘንዘው ሄድኩ።

ስለ ድምፅ ስናገር ዝም ብዬ አይደለም። አቃቂ ውስጥ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ላይ ሠላሳ ዓመት ቆሜያለሁ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል የትኛው ማሽን ክር ሊበጥስ እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ጨርሶ ሊቆም እንደሆነ ዞር ሳልል አውቅ ነበር። የፋብሪካው መካኒኮች ከመፍታታቸው በፊት «መሰለች ምን አለች?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ሰይፉ፣ ሙሉ ስሙ ሰይፈሥላሴ ነው፣ የዚያው ፋብሪካ የሰርቪስ ሾፌር ነበር። ቤቴ ከሁሉም ሰው ቤት የቀረበ ሆኖ ሳለ እኔን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስለሚያወርደኝ ነው የተጋባነው። ዕድሜ ልኩን ፍሪሲዮን የረገጠበት ግራ ጉልበቱ አሁን አሁን ያመዋል፤ ማታ ማታ ቅባት እቀባዋለሁ። እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ ይቺን መኪና፣ ዲኤክሷን ሰጠን። እሷም ከእኛ ጋር አረጀች።

ከዚያ የኩላሊቱ ነገር መጣ። ሁለቱም ሥራ አቁመዋል። በሳምንት ሦስቴ ከሳሪስ ወዲያ ወዳለው ሆስፒታል እሄድና ደሜ በማሽን ይታጠባል። አንድ ቀን ከቀረሁ ፊቴ ያብጣል፣ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ሁለቴ ከቀረሁ ስለሚሆነው ባናወራ ይሻላል። እግሬም ከድቶኛል፤ ከአልጋዬ ተነስቼ ግድግዳ ይዤ በሩ ድረስ እደርሳለሁ፣ ከዚያ በኋላ እሱም አያውቀኝም እኔም አላውቀውም።

ሰይፉ ዶክተሩ ፊት ቆሞ «የኔን አንዱን አውጡና ስጧት» ብሏል። ደም ግፊቱንና ዕድሜውን አይተው አይሆንም አሉት። ያን ቀን መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ያለ የሌለ ልቡን ለዲኤክሷ ሰጠ። እኔን ማዳን ባይችል እኔን የምታደርሰኝን እንዳያጣ ነው። ገብቶኛል፤ እንደገባኝም ያውቃል፤ ግን ተነጋግረንበት አናውቅም።

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው፣ ምድር ቤት። ከብሎካችን ፊት ለፊት ቦይ አለ። ቧንቧ ሊቀበርበት ተቆፈረ፤ ቧንቧው ሳይመጣ ቆፋሪዎቹ ሄዱ። ነዋሪው አዋጥቶ ድንጋይ ሞላበት። ተመልሰው መጥተው ድንጋዩን አውጥተው እንደገና ቆፈሩትና እንደገና ሄዱ። አሁን አንድ ቦታ ላይ ድንጋይ ተደልድሎበት መሻገሪያ አለው፤ ዝቅ ያለ መኪና ከገባበት ግን ሆዱ ይቀመጥና ጎማው ይንጠለጠላል። ራይድ ብንጠራ ሾፌሩ ቦዩን ያያል፣ «ይቅርታ እናቴ» ይላል፣ ይዞራል።

መጀመሪያ ሰሞን ሰይፉ መኪናዋን ከቦዩ ማዶ ያቆምና የብሎኩ ወጣቶች በነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያሻግሩኝ ነበር። ደግ ልጆች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን አንዱ በስልክ ያወራል፤ አንዱ «አይፍሩ እማማ» ይለኛል፤ ሕፃናቱ ኳሳቸውን ትተው ይሰለፋሉ፤ ሴቶቹ ከየበረንዳው ከንፈር ይመጡልኛል። ያ ከንፈር መምጠጥ! ገና በቁሜ፣ ዓይኔ እያየ፣ የራሴ ለቅሶ ላይ የተገኘሁ መሰለኝ። ማታ ሰይፉን «ሁለተኛ ማንም ተሸክሞኝ አይሻገርም፤ እዚሁ አልጋዬ ላይ ብሞት ይሻለኛል» አልኩት። ምዬ ነው ያልኩት፤ ከልቤም ነበር።

በነጋታው መኪናዋን ይዞ ወጣና ከሰዓት ሲመለስ ዲኤክሷ ቁመት ጨምራ መጣች። ሞቲ የሚባል የሰፈራችን መካኒክ ከሞላዎቿ ላይ ስፔሰር የሚሏቸውን ወፋፍራም ብረቶች ገጥሞ ከፍ አድርጓታል። እኛ ሰፈር ይሄ ብርቅ አይደለም። መንገዱ ስለማይስተካከል ሁሉም መኪናውን ያስተካክላል፤ ያልተነሳ መኪና ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሰይፉ ሆዷን ድንጋይ ሳያስነካ ቦዩን አሻገራትና በራችን ድረስ አስጠግቶ ክላክስ አደረገ። ግድግዳ ይዤ ወጥቼ ሳያት በሳቅ ፈረስኩ፤ በስተርጅና ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት መስላለች። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ዕቃ የማጥብ መስዬ አለቀስኩ። ከታመምኩ ወዲህ ደስ ብሎኝ ያለቀስኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ድምፁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ነገር ግን ማናችንም አላገናኘናቸውም።

ሞቲ «የሞተሩ መደገፊያ ጎማ አልቋል» ብሎ ቀየረው። ሰይፉ ቤት ሲገባ ገና ከበሩ «ዳነች!» አለኝ። ብዙም ሳንሄድ ቋ። ሳሪስ ያለ ሌላ መካኒክ ደግሞ «የጎማው ኩሽኔታ ነው» አለ፤ እሱም ተቀየረ። «ዳነች!» አለኝ። ቋ። ሦስተኛው ከመሪው ነው ብሎ አንድ ሙሉ ቀን ሲፈታና ሲያስር ዋለ። ሰይፉ በየጊዜው ያችኑ ቃል ይዞልኝ ይገባል። እኔን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም፤ ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እንግዲህ በስተመጨረሻ በመኪና ቀናሁ።

አንድ ጠዋት ሳሪስ ላይ፣ መኪናው ሁሉ ተደራርቦ በሚያዘግምበት ሰዓት፣ ከእግሬ ስር እንደ መዶሻ መታኝና ቆምን። ሰይፉ ማርሽ ያስገባል፣ ነዳጅ ይረግጣል፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ አትልም። ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ ለፊት ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ከመገጣጠሚያው ወጥቷል። ከኋላችን ያለው አውቶቡስ ክላክሱን አይለቅም። ሰይፉ ወርዶ መንገዱ መሐል ቆሞ ላለፈ ላገደመው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። ባሌን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሰው የሚለምን ሰው አይደለም።

አንዱ አዝኖ አሳፍሮን ሆስፒታል ስንደርስ ተራዬ አልፏል። የኔ ማሽን ላይ ሌላ ሰው ተኝቶበታል። ነርሷ «እማማ፣ ነገ ጠዋት ካልሆነ ዛሬ ቦታ የለኝም» አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን በወጣልኝ፤ አዝና ነው ያለችው። ያን ሌሊት ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ሰይፉ ከጀርባዬ ተቀምጦ ትራስ ሆኖኝ አደረ። ልቡ ከጀርባዬ ስትመታ ይሰማኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሲቪ ጆይንት የሚሉትን መገጣጠሚያ ከነዘንጉ ቀየሩላት። ዝም አለች። «አሁንስ የምር ዳነች መሲ» አለኝ፤ እኔም አመንኩት። ክረምቱ ገብቶ መንገዱ እስኪጨቀይ ድረስ አመንኩት። አንድ ቀን ከሆስፒታል ስንመለስ፣ ቃሊቲ አደባባዩ ላይ፣ ቋ።

ሰይፉ ሬዲዮኑን ከፍ አላደረገም። ዘጋው።

«ሰማሁት» አለ።

እውነት ለመናገር የፈራሁት ያኔ ነው። እሱ እስኪሰማው ድረስ ነገሩ የኔ ነገር ብቻ ነበር።

ሰቦቃ ጋ የሄድነው እንዲህ ሆነን ነው። ጋራዡ ቃሊቲ ነው፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ። መሬቱ ድሮ የአባቱ የጤፍ ማሳ ነበር፤ መጋዘኑ እየበዛ እየበዛ መጥቶ ጥግ ላይ የተረፈችውን ነው ጋራዥ ያደረጋት። ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ሰይፉ ገና ከመኪናው ሳይወርድ የተቀየረውን ዕቃ ሁሉ መዘርዘር ሲጀምር፣ ሳሪስ ላይ የሆነውን ሲነግረው፣ ሰቦቃ አንገቱን ደፍቶ ሰማውና በመጨረሻ እጁን አነሳ።

«የተቀየረው ይቆየን ጋሼ። ድምፁን በደንብ የሚያውቀው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ ከመቀመጫዬ።

«የት ነው የሚሰማዎት?»

«ከቀኝ እግሬ ስር። ስትነሳና ነዳጅ ሲሰጣት። ወደ ግራ ስትታጠፍ ይብሳል። ፍሬን ሲይዝ የለም። ቁልቁለት ላይ የለም። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ሲቀይር ሁለቴ ይላል። ሸክም ሲኖርባት ነው እንጂ ቀልሏት ስትሄድ ዝም ነው የምትለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሃዳ ኮ፣ የት ጋራዥ ነው የሠሩት?» አለኝ። በኦሮምኛ እናቴ ማለቱ ነው። ከታመምኩ ወዲህ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ስለ ሽንቴ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን ላድርግ።

ከመጋዘኖቹ መሐል የጭነት መኪና የሚዞርበት ሜዳ አለ። ሰይፉ እንዲነዳ፣ እኔ ቦታዬ ላይ እንድቆይ አደረገና ራሱ እጁን ከጎማው በላይ ፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ ጎን ጎናችንን በእግሩ ተከተለን። ወደ ቀኝ ዞርን፤ ምንም የለም። ወደ ግራ ስንዞር ቋ፣ ቋ፣ ቋ። በመጣ ቁጥር እጄን በመስኮት አወጣለሁ፤ ሰቦቃ በመዳፉ ያገኘውን ከእጄ ጋር እያስተያየ ራሱን ይነቀንቃል። ሰይፉ በላብ ተጠምቋል።

ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረገ። ሲሚንቶ የሚያወርዱ ሁለት ወዛደሮች ጠራና «ኑ እስቲ፣ እዚህ ላይ ውጡልኝ» ብሎ ኮፈኑ ላይ አስቀመጣቸው።

«ኧረ ኮፈኔን!» አለ ሰይፉ።

«ኮፈኑ ይቃናል ጋሼ። ቀስ ብለው ይንዱ።»

የሁለቱ ሰዎች ጀርባ መስታወቱን ሞልቶት፣ እነሱ እየሳቁ፣ ሰይፉ በጎን በኩል አንገቱን አውጥቶ እያየ ወደ ግራ ዞርን። እግሬን ወለሉ ላይ ጫን አድርጌ ጠበቅኩ። ደግመን ዞርን። ደግሜ ጠበቅኩ። ምንም የለም።

«ጠፋ!» አለ ሰይፉ። «መሲ፣ ጠፋ እኮ!» መሪውን በመዳፉ መታው። ወዛደሮቹም ምን እንደጠፋ ሳያውቁ አጨበጨቡለት።

ሰቦቃ አላጨበጨበም። ሰዎቹን አወረዳቸው፤ መኪናዋ ቅልል ብሏት ከፍ አለች። እጁን ጨብጦ ከጎማውና ከፓራፋንጎው መሐል አስገባው። ጭብጡ ገብቶ ቦታው ተረፈ።

«ማነው ያስነሳት?»

ሰይፉ እጁ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ። ሬዲዮኑ ግን ቀድሞም ዝግ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሰቦቃ በክሪክ አንስቶ ጎማውን አወጣና ሰይፉን አስጎንብሶ አሳየው። እኔ በሩን ከፍቼ ከተቀመጥኩበት አያለሁ። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ ቁልቁል ወደ ጎማው ተንጋዶ ይታያል።

«ይሄ ዘንግ ለጥ ብሎ ነው መሄድ ያለበት» አለ ሰቦቃ። «መኪናዋን ስታስነሷት ካምቢዮው አብሮ ከፍ አለ፣ ጎማው ያው መሬት ላይ ቀረ። በመሐል ያለው ዘንግ ተንጠለጠለ።» የሰይፉን እጅ ያዘና አንጓውን ቀስ አድርጎ አጠፈው። «ይኸውልዎ፣ እጅዎን እንዲህ ቆልምመው ቀኑን ሙሉ ባልዲ ያንሱ ቢባሉ ምን ይሆናል? ነዳጅ በሰጧት ቁጥር መገጣጠሚያው ከቦታው ልውጣ ነው የሚለው። ልጆቹ ሲቀመጡባት ዝቅ አለች፣ ዘንጉ ተስተካከለላት፣ ዝም አለች።»

«ኦሪጅናል ቢገባላትስ?» አለ ሰይፉ።

«እሱንም ይበላዋል።»

«ስፔሰሩን በግማሽ ብናደርገውስ? ቀጭን ቢገባ?»

«ቦዩንም አያሻግራችሁም፣ ይሄም አይቀርም። ይዘገይ እንደሆነ ነው እንጂ አይቀርም።»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። ዶክተሩም እንዲሁ ነበር የነገረን፤ ያው ዝግ ያለ ድምፅ፣ ያው ወደ መሬት የሚያይ ዓይን። ሰይፉም ያኔ እንደዚሁ ነበር። ይሄ ቢደረግስ፣ ያ ቢሞከርስ፣ ሌላ ሰው ቢጠየቅስ። አይሆንም የሚለውን ቃል ጆሮው አይቀበለውም።

«እና ምን ይሁን?» አልኩ ከመኪናው ውስጥ።

«ስፔሰሩ ይውጣ እናቴ። ዝቅ ትበል። ከዚያ ደህናውን መገጣጠሚያ አስገባላታለሁ፣ ብዙ ትሄዳለች።»

«ካልወጣስ?»

«እንደ ሳሪሱ ነው። ዛሬ ይሁን ከወር በኋላ ግን አልነግርዎትም። እኔም አላውቀውም።»

ሰይፉ በኔ በኩል ዞሮ መጣና በሩ ስር ቁጢጥ አለ። እጁ ግሪስ ነክቶታል።

«አትስሚው መሲ። ሌላ መካኒክ አለ። ሞቲን እንጠይቀው።»

«ሰይፉ።»

«ላንቺ ብዬ እኮ ነው ያስነሳኋት።»

«አውቃለሁ።»

«በር ድረስ እንድታደርስሽ ብዬ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ ሰይፉ።»

ለኔ ብሎ ከሞከረው ሁሉ የተሳካለት ይሄ አንድ ነገር ነበር። ኩላሊቱን አንፈልግም አሉት፤ ስለቱም ጸሎቱም እስካሁን መልስ አላገኘም፤ መኪና ከፍ ማድረግ ግን ችሎ ነበር። አሁን እሱም ራሱ ነው መኪናዋን እየገደላት ያለው ተባለ። አንድ ሰው ላይ ጮሄ ቢወጣልኝ ምንኛ ደስ ባለኝ። ሰቦቃ እውነቱን ነው የተናገረው፤ ሞቲም የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ቦዩን የቆፈሩትን ደግሞ መልካቸውን እንኳ አላውቀውም። የምቆጣው ሰው አጣሁ።

«አውጣው» አልኩት ሰቦቃን።

«ቦዩስ?» አለ ሰይፉ። «በወንበር አልሻገርም ብለሽ የለ? ምለሽ የለ?»

«አሁንም አልሻገርም።»

«ታዲያ እንዴት ልትሆኚ ነው?»

መንገድ ላይ ከምትተወኝ ደጄ ላይ ብትተወኝ ይሻላል፤ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ይሄ ደግሞ መላ አይደለም፣ የቱ ይብሳል ብሎ መምረጥ ነው። ሰቦቃ ማናችንንም ሳያይ ቡሎን መፍታት ጀመረ።

ሥራው ሲያልቅ ሰይፉ የወጡትን ስፔሰሮች በጨርቅ ጠቀለለና የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀመጣቸው። ለምን እንደሚሆኑት አልጠየቅኩትም። ሰቦቃ ሊሸኘን በመስኮቴ በኩል መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘና «እግዜር ይማርዎት እናቴ» አለኝ። ዲኤክሷ ወደ ድሮ ቁመቷ ተመልሳለች። ከመሬት ጋር በመቀራረቧ መንገዱ ሁሉ ወደኔ የተጠጋ መሰለኝ።

ከቃሊቲ እስከ ገላን እግሬን ወለሉ ላይ ጭኜ አዳመጥኩ። ስትነሳ ዝም። ወደ ግራ ስትታጠፍ ዝም። ሰይፉ ሬዲዮኑን አልከፈተም፤ እሱም እያዳመጠ ነው። ሁለታችንም ስንት ወር የለመንነው ዝምታ ይኸው መጣ፤ እንደዚያ ያስጠላኝ ዝምታ ግን የለም። ለቤታችን በቀረብን ቁጥር የሚታየኝ ቦዩ ነው።

ዝናቡ ገና አባርቶ ቦዩ ድፍርስ ውሃ ይዟል። ሰይፉ መሻገሪያው ጋ ደርሶ ቆመ። የፊት ጎማዋን ድንጋዩ ላይ ሊያወጣት ሞከረ፤ ከሆዷ ስር ድንጋዩ ሲፍቃት ወዲያው ወደ ኋላ መለሳትና ሞተሩን አጠፋ። በራችን ከዚያ ማዶ ይታያል። ጠዋት መኪናው ውስጥ የገባሁት እዚያው በር ላይ ነው።

«ልጆቹን ልጥራልሽ?»

ራሴን በእምቢታ ወዘወዝኩ።

«ወንበሩ ይቅር። ደግፈው ያሻግሩሽ።»

«ትንሽ ልቀመጥ። ተወኝ እባክህ።»

ከበረንዳ አንዷ ጎረቤት ብቅ አለች። ሌላዋም ተከተለቻት። ሰይፉ አያቸው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ወርዶ በኔ በኩል መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጎንበስ አለ።

«ነይ» አለኝ።

«ምን ልትሆን ነው?»

«ማንም አይሸከመኝም ነው ያልሽው። እኔ ማንም ነኝ እንዴ? ነይ።»

«ሰይፉ፣ ሰባ አልፎሃል እኮ! ጉልበትህስ?»

«ከስተሻል» አለኝ፣ ሳይዞር። እውነቱን ነው፣ ከስቻለሁ።

እጄን አንገቱ ላይ ጠመጠምኩ። መጀመሪያ ሊነሳ ሲል አልሆነለትም። የመኪናዋን በር ይዞ ደገመና ተነሳ። አንገቱ ላብና ግሪስ ይሸታል። ከላይ ከንፈር ሲመጠጥ ሰማሁ፤ ቀና ብዬ አላየሁም። የመጀመሪያውን ድንጋይ ረገጠ።

ቋ።

መኪናዋ መሰለችኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ በሯ እንደተከፈተ፣ ሞተሯ ጠፍቶ ቆማለች። ሰይፉ ሌላ ድንጋይ ረገጠ። ቋ። ከኔ ስር ነው። በግራ በኩል ነው፤ ያ ፍሪሲዮን የረገጠበት ጉልበቱ። ቀኙን ሲያሳርፍ የለም። ግራውን ሲያነሳው የለም። ሸክሜ ሲያርፍበት ነው፤ ቁልቁል ስንወርድ ትንሽ፣ ወደ ወዲያኛው ዳር ስንወጣ የባሰ። ሰቦቃን ልጠራው አልችልም። ከዚህ ላይ የሚወጣ ስፔሰር የለም፤ ሸክሙ እኔ ነኝ። ከነገ ወዲያ ቀጠሮ አለኝ፤ ሄዶ መልስ። ከዚያም ደግሞ፣ ከዚያም ደግሞ። ፋብሪካ ሳለሁ እንዲህ የሚል ማሽን ስሰማ መካኒክ አልጠራም ነበር፤ አልቆለታል ብዬ ክሩን ከላዩ ላይ መሰብሰብ እጀምር ነበር።

አጥብቄ ያዝኩት። ፊቴን ጀርባው ላይ ደበቅኩ፣ እንባዬ ሸሚዙን እንዳያረጥብበት እየተጠነቀቅኩ።

«ሰማሽ አይደል መሲ?» አለኝ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው፣ ድምፁ ግን ደስ ብሎታል። «ከቃሊቲ እስከዚህ ድረስ አንዴ እንኳ! ድምፁ እኮ ጠፋ።»

ቋ አለ ከእኔ ስር።

«ሰምቻለሁ ሰይፉ» አልኩት። «ጠፍቷል። ዳነች።»